ሦስት አራተኛ ውስጥ ስንት ግማሽ አለ?

ሲያትል ውስጥ፣ ቢከን ሂል ባቡር ጣቢያ የሚወረደው በሊፍት ነው። ጣቢያው ኮረብታው ሆድ ውስጥ ስለተቀበረ ደረጃውን የሚሞክር የለም፤ ሰው ሁሉ ተጠጋግቶ ቆሞ፣ ዓይን ለዓይን ላለመጋጨት በሩን እያየ ይወርዳል። ባለፈው ኅዳር፣ ዝናቡ ሦስተኛ ቀኑን በያዘበት ጠዋት፣ እኔም እንደዚያው ቆሜ ነበር። ወደ ቱክዊላ መሄዴ ነው። ጉዳይ ኖሮኝ አይደለም። ዝናብ ሲሆን እግሬን የማፍታታው እዚያ ካለው ሞል ውስጥ ነው። ሱቆቹ ሳይከፈቱ በፊት እኛ ጡረተኞች ኮሪደሩን እንዞራለን፤ ሰላምታችን አንገት መስበር ብቻ ነው፣ ስም የሚጠያየቅ የለም። እዚያ ሁለት ሰዓት ተራምጄ፣ ከማንም ጋር ሳልነጋገር ቤቴ የምመለስበት ቀን ብዙ ነው።

አንገቷ ላይ የትምህርት ቤት ባጅ ያንጠለጠለች፣ ሃምሳዎቹን ያገባደደች ሴት ደጋግማ ታየኛለች። በሩ ሲከፈት ተጠጋችኝ።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ የአስካለ ባለቤት አይደሉም እንዴ?»

«ነኝ» አልኩ። «ነኝ» ልበል ወይስ «ነበርኩ»፣ ሦስት ዓመት ሙሉ አልለየልኝም።

«ለተብርሃን እባላለሁ። ከአስካለ ጋር ኮሌጅ አብረን ነው የተማርነው። ለቅሶው ላይም ነበርኩ፤ ግን ያን ቀን ማንን ያስታውሳሉ» አለች። አማርኛዋ ጥርት ያለ ነው፣ ብቻ «ቀ» ላይ ስትደርስ ትግርኛዋ ከጉሮሮዋ ብቅ ይላል። «ስምዎን እንኳ አላውቀውም። እሷ ሁልጊዜ ‹መምህር› ነበር የምትልዎት፤ መምህር እንዲህ አለ፣ መምህር እንዲህ አሳየኝ።»

ደነገጥኩ። ቤት ውስጥ አስካለ «አንተ» ነበር የምትለኝ። መምህር ብላ ጠርታኝ አታውቅም።

ባቡሩ ውስጥ ጎን ለጎን ተቀመጥን። ለተብርሃን ቱክዊላ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ታስተምራለች፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ደግሞ ድሮ የተማሩበት ኮሌጅ ሄዳ አዲሶቹን ታስጠናለች። ኮሌጁ አሁን መምህራንን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ራሱ እንደሚያሠለጥን ነገረችኝ። በእነሱ ጊዜ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ የሚሰጠው የመጀመሪያዎቹን ሁለት ዓመት ብቻ ነበር፤ የማስተማር ፈቃድ የፈለገ ሰው ከዚያ ወደ ዩኒቨርሲቲ መሻገር ነበረበት፣ ብዙ ሴቶችም መሻገሪያው ላይ ቀርተዋል። አሁን ግን ቀን ሥራቸውን እየሠሩ፣ ማታና ቅዳሜ እየተማሩ፣ እዚያው ፈቃዳቸውን ይይዛሉ። «ክፍሉ የእኛ ሰው ነው የሞላው» አለች። «ከፌደራል ዌይ ድረስ የሚመጡ አሉ፣ ሆም ኬር የሚሠሩ፣ በየቤቱ አረጋዊ የሚጦሩ፤ ረዳት መምህር ሆነው ዐሥር ዓመት የቆዩም አሉ። ታዲያ ሁሉንም የሚጥላቸው ሒሳቡ ነው። መምህር፣ አንድ ቅዳሜ ቢመጡልን ምን አለበት? ያቺን የወረቀት ነገርዎን እኮ እኔ እስከ ዛሬ ክፍሌ ውስጥ እሠራባታለሁ።»

«የቷ የወረቀት ነገር?»

«ለአስካለ ያሳዩዋት ነዋ! ክፍልፋይ ሲካፈል፣ ወረቀቱን አጣጥፈው። ‹ባለቤቴ ነው ያሳየኝ› ብላ ለሁላችንም ያስረዳችን። ያን ኮርስ ያለፍነው በእርስዎ ነው ማለት ይቻላል።»

ስልኳን በወረቀት ጽፋ ሰጠችኝ፤ «ኮል ያድርጉልኝ» ብላ ተሰናብታኝ ወረደች። እኔ መውረዴን ረስቼ እስከ መጨረሻው ጣቢያ ሄድኩ።

እኛ ሲያትል የመጣን ጊዜ ይሄ ባቡር አልነበረም። ቢከን ሂልን በአውቶቡስ ነበር የምንወጣው፤ ሾፌሩ ከብጣሽ ጋዜጣ የማይሻል ቀጭን ረጅም ወረቀት ቆርጦ ይሰጠናል፣ «ትራንስፈር» ነው የሚባለው፣ በእሱ ሌላ አውቶቡስ እንቀይራለን። ቀለሙ በየቀኑ ይለዋወጣል፤ አንድ ቀን ሮዝ፣ አንድ ቀን አረንጓዴ። የትናንቱን ይዞ የሚያታልል አበሻ አይጠፋም፣ ሾፌሩም አይቶ እንዳላየ የሚሆንበት ጊዜ ነበር። ቤንዚን በጋሎን ከአንድ ዶላር ፈቀቅ አይልም። ኮት የገዛነው ከአሮጌ ልብስ መሸጫ ነው፤ የእኔው ቡኒ የሱፍ ኮት አንገቱ ላይ የሌላ ሰው ስም በክር ተጠልፎበት ነበር፣ አሥር ዓመት ያን የማላውቀውን ሰው ስም ለብሼ ዞሬአለሁ። የአስካለ ኮት ሰማያዊ ነበር፣ እጅጌው ረዝሞባት ሁለቴ ታጥፈዋለች። ሬኒየር መንገድ ጥግ ላይ የአንድ የአገራችን ሰው ሱቅ ነበረ፤ በርበሬውም፣ ካሴቱም፣ የቴሌፎን ካርዱም እዚያው ነው። ካርዱ በሳንቲም የሚፋቅ ነው፤ አምስት ዶላር ከፍለህ ሃያ ደቂቃ ይልሃል፣ ስትደውል አሥራ ሁለተኛው ላይ ይቆረጣል። ካሴቱ መኪና ውስጥ ሲቋጠር በእርሳስ እናጠነጥነዋለን። ያን ጊዜ ወንዱ ሁሉ ቀበቶው ላይ ፔጀር፣ የደዋዩን ቁጥር የምታሳየዋን ትንሽ መሣሪያ፣ ሰክቶ ይሄድ ነበር፤ ማን እንደሚፈልገኝ ባላውቅም እኔም ነበረኝ። አሁን ያ ጥግ ላይ ባለ ስድስት ፎቅ ሕንጻ ቆሟል። ባለፍኩ ቁጥር በርበሬው ይሸተኛል፣ ሲሚንቶ ላይ ቆሜ።

እኔ አሰላ አሥራ አራት ዓመት ሒሳብ ያስተማርኩ ሰው ነኝ። እዚህ እንደመጣሁ የትምህርት ማስረጃዬን የውጭ አገር ማስረጃ ለሚመረምር መሥሪያ ቤት ላኩት። ከወራት በኋላ ደብዳቤ መጣ። ዲፕሎማዬን ሁለት ዓመት የማይሞላ የኮሌጅ ትምህርት አድርገው ቆጠሩት፤ ያስተማርኩበት ዘመን ጭራሽ አልተነሣም። ማስተማር ከፈለግሁ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ገብቼ ብጀምር እንደሚሻል ይመክራል። ደብዳቤውን መሳቢያ ውስጥ ወረወርኩትና መሐል ከተማ አንድ የመኪና ማቆሚያ ገባሁ፤ መስታወት ክፍል ውስጥ ተቀምጦ ትኬት መቀበል። «ለጊዜው» ነበር ያልኩት። ሃያ ሁለት ዓመት ሠራሁ። ለምን ኮሌጁን እንደማልጀምር ሰው ሲጠይቀኝ፣ «እኔ አስተማሪ ነኝ፤ እንደገና ተማሪ አልሆንም» እል ነበር። የተናገርኩበት ድምፅ አሁንም ይሰማኛል፤ የኩራት ድምፅ ነበር የሚመስለኝ።

አስካለ ግን ኩራት የሚያስይዛት ወረቀት አልነበራትም። የተማረችው እስከ አሥረኛ ክፍል ነው። አንድ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ምሳ ቤት ተቀጥራ ወተት ታድል ነበር። ልጆቹ ሲያለቅሱ እሷ ጋ እንደሚሮጡ ዳይሬክተሯ አየች፤ ክፍል ውስጥ ረዳት አደረገቻት። ቀጥላም ስለ ኮሌጁ ነገረቻት። አስካለ ማመልከቻውን ይዛ መጥታ ኩሽናው ጠረጴዛ ላይ ስታስቀምጥ ሠላሳ አራት ዓመቷ ነበር፤ ልጃችን ማርታ ሁለተኛ ክፍል ናት።

«ልሞክር?» አለችኝ።

«ሞክሪ። እንግሊዝኛሽን ያሻሽልልሻል» አልኳት፤ ጥልፍ ልማር ያለችኝ ይመስል።

የመግቢያ ፈተናው ላይ ሒሳቡ ከታች ጣላትና ከዜሮ ጀምሪ ተባለች። ያኔ እኔ ተነሣሁ። ትንሽ ነጭ ሰሌዳ ገዝቼ ከማቀዝቀዣው ጎን ሰቀልኩ። እሑድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ፣ እሷ ነጠላዋን ሳታወልቅ፣ እኔ ሰሌዳው አጠገብ ቆሜ፣ ሁለት ሰዓት እንሠራለን። እውነቱን ለመናገር አሜሪካ ከገባሁ እንደነዚያ እሑዶች ደስ ያለኝ ጊዜ የለም። አንድ ተማሪ ነበረችኝ፣ እሷም ጎበዝ ናት። ስትስት ሳይቀር ደስ ይለኝ ነበር፣ የማርማት ነገር ስላገኘሁ። አልጀብራውን በአንድ ዓመት ጨረሰችው። መንገድ ላይ ያገኘሁትን ሰው ሁሉ «ሚስቴን ሒሳብ እያስተማርኳት ነው» እል ነበር፤ «ሚስቴ እየተማረች ነው» ብዬ ግን የተናገርኩበት ቀን ትዝ አይለኝም።

ከዚያ «ሒሳብ ለመምህራን» የሚባለው ኮርስ መጣ። አንድ እሑድ ደብተሯን ከፈተችና፣

«ሦስት አራተኛ ለግማሽ ሲካፈል» አለች።

«ቀላል ነው። ሁለተኛውን ገልብጪና አባዢ። ስድስት አራተኛ፣ ማለት አንድ ተኩል።»

«እሱንማ አውቀዋለሁ። ለምን እንደሚገለበጥ ነው የተጠየቅነው። ለዐሥር ዓመት ልጅ በሥዕል አስረዱ ተባልን።»

«ሕጉ ነዋ!»

«ሕጉ ከየት መጣ?» አለች። «ደግሞስ ተካፍሎ እንዴት ይበልጣል? ሦስት አራተኛ ከአንድ ያንሳል። ስናካፍለው አንድ ተኩል ሆነ። ዳቦ ሲካፈል ይቀንሳል እንጂ ይጨምራል እንዴ?»

ማርከሩን ይዤ ሰሌዳው ፊት ቆምኩ። ክብ ሣልኩ፣ ለአራት ከፈልኩት፣ አጠፋሁት። መስመር ሣልኩ፣ አጠፋሁት። ጆሮዬ ሲግል ተሰማኝ። አላውቀውም ነበር። ያን ነገር ለስንቱ ልጅ አስተምሬ፣ ፈትኜ፣ አርሜ፣ ምን ማለት እንደሆነ አላውቀውም። ማርከሩን ጠረጴዛው ላይ ወረወርኩት።

«አሥራ አራት ዓመት አስተምሬአለሁ! አንድም ተማሪ ለምን ብሎ ጠይቆኝ አያውቅም!»

አስካለ ቀና ብላ አየችኝ። ልትጣላኝ አልነበረም፤ ፊቷ ላይ ቁጣ አልነበረም። ታናሽ ወንድሟ ተማሪዬ ነበር፤ የእንጨት ማስመሪያዬን በእሱ መዳፍ ታውቀዋለች።

«ይፈሩህ ስለነበር ነው» አለች ቀስ ብላ።

ኮቴን ለብሼ ወጣሁ። ዝናቡ ውስጥ እስከ ሰፈራችን ሆስፒታል ድረስ ሄጄ ስመለስ ሰሌዳው ተጠርጎ፣ ራት ቀርቦ ነበር። ያ ነገር ዳግም አልተነሣም። ከዚያ እሑድ በኋላ ግን አስካለ ሒሳብ አልጠየቀችኝም። ማክሰኞና ሐሙስ ከሥራ ስትወጣ ኮሌጁ ቤተ መጻሕፍት ከጓደኞቿ ጋር ማጥናት ጀመረች፤ ለተብርሃን አንዷ መሆኗ ነው። እኔና ማርታ የቀዘቀዘ ፓስታ አሙቀን እንበላለን። ማርታ ቴሌቪዥኗን ታያለች፣ እኔ ሰሌዳውን።

ሳምንት ሳይሞላ ነው፣ ጠዋት ሁለቱም ከወጡ በኋላ ጠረጴዛው ላይ የአውቶቡስ ትራንስፈር አገኘሁ፤ ሮዟ። ለአራት ታጥፋለች። ልጥላት ብዬ አነሣሁና ሦስቱ ክፍል በእርሳስ እንደተቀባ አየሁ። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ተከበዋል፣ ከሥራቸው «አንድ ግማሽ» ተብሎ በአስካለ ጽሑፍ ተጽፏል። ሦስተኛው ብቻውን ተከቧል፤ ከሥሩ «የግማሽ ግማሽ»። ከላይ ደግሞ «ሦስት አራተኛ ውስጥ ስንት ግማሽ አለ?»

ቆሜ ነበር ያየሁት፤ ተቀመጥኩ። አንድ ግማሽና የግማሽ ግማሽ። አንድ ተኩል። ማካፈል ማለት ቆርሶ መስጠት ብቻ አይደለም፣ እዚህ ውስጥ ያ ስንት ጊዜ ይገኛል ብሎ መጠየቅም ነው። ይሄው ነው። በአውቶቡስ ወረቀት ላይ። አርባ አራት ዓመቴ ነበር። አሰላ በዝናብ ቆርቆሮ ሥር ተሰብስበው እኔን በፍርሃት ያዩ የነበሩ ልጆች ትዝ አሉኝ፤ ስንቱ ደደብ ነኝ ብሎ ከትምህርት ቤት ቀርቶ ይሆን? ወረቀቷን እንደነበረች አጥፌ፣ እንደነበረች ቦታዋ ላይ መለስኳት። ማታ አስካለ ስትመጣ ወረቀቷን አየሁ ላለማለት ጋዜጣ አነበብኩ። «ገባኝ» ብላት ምን ይጎድልብኝ ነበር? አንዲት ቃል ናት። ለሃያ ምናምን ዓመት አልወጣችልኝም።

ሁለቱን ዓመት በአምስት ዓመት ጨረሰችው፣ ከረዳትነቱ ጋር። የምረቃዋን ቀን ሥራ ገባሁ። ተረኛ አልነበርኩም፤ የሌላ ሰው ተራ ለምኜ ነው የገባሁት። ጥቁር ጋውኗን ለብሳ ከማርታ ጋር የተነሣችው ፎቶ ላይ በግራ በኩል ክፍት ቦታ አለ፤ ማርታ ካሜራውን ለማን እንደሰጠችው አላውቅም። ከዚያ ዩኒቨርሲቲ ተሻገረች፣ ፈቃዷን ያዘች፣ የሁለተኛ ክፍል መምህር ሆነች። አሥራ አምስት ዓመት አስተማረች። ልጆቹ ስሟን መጨረስ ስላቃታቸው «ሚስ አስካ» ይሏት ነበር። ማታ ማታ ስለ እነሱ ስታወራኝ የቴሌቪዥኑን ድምፅ ቀነስ አደርግ ነበር እንጂ ዘግቼው አላውቅም። ስትታመም ሆስፒታል አልጋዋ ላይ ሆና ለምትተካት መምህር የሳምንቱን ትምህርት ትጽፍ ነበር። ስትሞት ልጆቹ በክሬዮን የሠሩት ካርድ በሁለት የጫማ ካርቶን መጣልኝ። ዘንድሮ ሦስተኛ ዓመቷ ነው። ካርዶቹን እስከ ግማሽ ነው ያነበብኳቸው።

ለተብርሃንን ካገኘሁ በኋላ ስልኳን የጻፈችበትን ወረቀት አምስት ቀን ኪሴ ውስጥ ይዤ ዞርኩ። ማርታ ቴክሳስ ነው የምትኖረው፤ እሑድ እሑድ ትደውላለች። ነገሩን ስነግራት እንደልማዷ በእንግሊዝኛ መለሰችልኝ፤ ሂድ እንጂ ዳዲ፣ ሌላ ምን ሥራ አለህ አለች። ክፉ አስባ አልነበረም። ቢሆንም ቃሉ ቀኑን ሙሉ ሲከነክነኝ ዋለ። ሰኞ ለተብርሃን ጋ ደወልኩ።

«የምነግርሽ ነገር አለ» አልኳት። «ያቺን ወረቀት እኔ አይደለሁም ያሳየኋት። ጠይቃኝ አላወቅኩትም። ተቆጥቼም ወጥቻለሁ። ራሷ ናት የፈጠረችው።»

የክፍሏ ልጆች ከበስተኋላ ሲንጫጩ ይሰማኛል።

«ለእኛስ ለምን በእርስዎ ስም ነገረችን?» አለች በመጨረሻ።

«እንጃ። ልታዋርደኝ ብትፈልግ አይገርመኝም ነበር። እሷ ግን ስሜን ጠበቀችልኝ።»

«እንግዲያስ ይምጡና ያሳዩን» አለች ለተብርሃን። «ያኔ እሷ ያለችው እውነት ይሆናል።»

ቅዳሜ ጠዋት ክራቫት አሰርኩ። ኮሌጁ ስደርስ ክራቫት ያሰርኩ እኔ ብቻ ነኝ፤ ሁሉም ባለ ኮፍያ ሹራብና የሥራ ጫማ ለብሰዋል። ጥናት ክፍሉ ውስጥ ዐሥር የሚሆኑ ሰዎች ነበሩ። የሌላ አገር ሰዎችም አሉ፤ ለተብርሃን «መምህር ናቸው» ብላ አስተዋወቀችኝና ወረቀት ሰጠችኝ። አጠፍኩ፣ ቀባሁ፣ ከበብኩ። በአማርኛ ጀምሬ በሰባራ እንግሊዝኛ ጨረስኩ። ስጨርስ «ይህን ባለቤቴ ናት ያስተማረችኝ» አልኩ። የማያውቋት ናቸው፤ ራሳቸውን ነቅንቀው ጻፉ።

ልቀመጥ ስል ከኋላ አንዲት ሴት እጇን አነሣች። ሐዋ ትባላለች፣ ፌደራል ዌይ የሚኖሩ አንዲት አረጋዊት ቤት ሆም ኬር ትሠራለች፤ ፊቷ ላይ ያላረፈ ሰው ድካም አለ።

«አባባ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት? ኔጌቲቭ በኔጌቲቭ ሲባዛ ለምንድን ነው ፖዘቲቭ የሚሆነው? ሁሉም ‹በቃ ያዢው› ነው የሚሉኝ።»

አፌን ከፈትኩ። «ሕጉ ነው» የሚለው ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። ክፍሉ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ያየኛል።

«የኔ ልጅ፣ አላውቀውም» አልኩ።

የሚስቅ ይኖራል ብዬ ጠበቅኩ። ማንም አልሳቀም። ሐዋ ወንበሯን እየጎተተች መጥታ ጎኔ ተቀመጠች።

«ኦኬ፣ ሁለት ሆንን» አለች። «እንሞክረው?»

አርባ ደቂቃ ያህል ሞከርን። ቁጥሮቹን ወደታች ደረደርን፣ አንድ አንድ እየቀነስን ምን እንደሚከተል አየን። መልኩ ብቅ ሊል ሲል ሥራ የምትገባበት ሰዓት ደረሰ። ደብተሯን ቦርሳዋ ውስጥ እየከተተች፣ «ቅዳሜ ከዚሁ እንቀጥላለን አይደል፣ አባባ?» አለችኝ። «እንቀጥላለን» አልኩ።

ወደ ቤቴ ስመለስ ባቡሩ ውስጥ ነገሩን በሆዴ እያሰናዳሁ ነበር። ከየት እንደምጀምር፣ ሐዋ ስትጠይቀኝ ፊቴ ምን እንደመሰለ፣ የቱ ጋ ቆም እንደምል። እንዲህ ብዬ ብነግራት ትስቃለች፣ እያልኩ። ሊፍቱ ወጥቶ በሩ ሲከፈት ነው ለማን እያሰናዳሁት እንደሆነ የገባኝ። ዝናቡ አባርቶ ነበር። ሰው በየአቅጣጫው ሄደ።

ቤት ገብቼ ክራቫቴን ሳልፈታ ማርታ ጋ ደወልኩ። አላነሣችም፤ መልእክት ይተዉ የሚለው ድምፅ መጣ።

«ማርታ፣ እኔ ነኝ» አልኩ። «ደህና ነኝ፣ እንዳትደነግጪ። ዛሬ አንድ ነገር ሆኖ ነበር። ለእናትሽ ልነግራት ፈልጌ ነው፣ አንቺ ጋ የደወልኩት።»

ቀረጻው መሄዱን ቀጠለ። እኔም ስልኩን ጆሮዬ ላይ እንዳደረግሁ፣ ሌላ የምለው ጠፍቶኝ፣ ራሱ እስኪዘጋ ቆሜ ጠበቅኩ።